ሲጋራ ማቆምና ሐራራ፦ ከባሕር ዳር ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

ሲጋራ ለመተው የሚታገሉ የከተማችን ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁትን ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከባዱ እንሄዳለን።

ሲጋራ ማቆም ለምን ይህን ያህል ይከብዳል?

አንደኛው ምክንያት የኒኮቲን ፍጥነት ነው። ጭሱ ከተሳበ በኋላ ኒኮቲኑ አንጎል ለመድረስ 20 ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም። እዚያም ዶፓሚን የሚባለውን፣ ደስ የሚል ስሜት የሚሰጠውን ንጥረ ነገር ያስለቅቃል። አንጎል ይህን ሲለምድ ኒኮቲን የሚቀበሉ ተቀባዮቹን ያበዛል። በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ደም ውስጥ ያለው ኒኮቲን በግማሽ ይቀንሳል። ያኔ ሰውየው መቅበጥበጥ፣ መነጫነጭ ይጀምራል። ቀጥሎ የሚለኮሰው ሲጋራ የሚያረጋጋ የሚመስለውም ለዚህ ነው። የሚያስታግሰው ግን ያለፈው ሲጋራ ራሱ ጥሎት የሄደውን ጭንቀት ነው።

ሁለተኛው ልማድ ነው። በቀን አንድ ፓኮ፣ ማለትም 20 ፍሬ የሚያጨስ ሰው እያንዳንዷን አሥር ጊዜ ቢስብ በቀን 200 ጊዜ እጁን ወደ አፉ ያመላልሳል። በዓመት ከ70 ሺህ በላይ ይሆናል። በሕይወታችን ይህን ያህል የምንደጋግመው ነገር ብዙ አይደለም።

ስለዚህ «ወኔ ስለሌለህ ነው» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ አትመኑት። ያለ ምንም እርዳታ ለማቆም ከሚሞክሩ 100 ሰዎች ውስጥ ከስድስት ወር እስከ ዓመት የሚዘልቁት ከ3 እስከ 5 ቢሆኑ ነው። የቀሩት ሁሉ ሰነፎች ሊሆኑ አይችሉም። አብዛኞቹ ብቻቸውንና ሳይዘጋጁ ስለገቡበት ነው የተመለሱት።

ሐራራው ስንት ጊዜ ይቆያል?

አንዱ ሐራራ ከመጣ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይቆያል። ጠንከር ካለ አሥር ደቂቃ ሊሆን ይችላል። አጨሳችሁም አላጨሳችሁም ይሄዳል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፤ ካላጨሰ እየባሰበት የሚሄድ ይመስለዋል።

አጠቃላይ ሕመሙ ደግሞ ካቆማችሁ በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ከሁሉም ይከፋሉ። ቁጣ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ሐሳብ መበታተን፣ ረሃብ፣ ድብርት ይኖራል። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ አብዛኛው ይለቃል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ከቦታና ከሰዓት ጋር የተያያዘው ነው። ከወራት በኋላ ጣና ዳር ተቀምጣችሁ ቢራ ስትከፍቱ ድንገት ሊመጣ ይችላል። አጭር ነው፤ ግን ያልጠበቀውን ሰው ይጥላል።

ሐራራው ሲመጣ በዚያች ደቂቃ ምን ላድርግ?

ሰዓት ተመልከቱና «አሥር ደቂቃ ልቆይ» በሉ። «ዳግም አላጨስም» ብሎ መማል በዚያች ቅጽበት አይጠቅምም፤ ጭንቀቱን ያባብሰዋል። አሥር ደቂቃ ግን ማንም ይችላል። ከዚያ ከተቀመጣችሁበት ተነሱ። ቦታ መቀየር ትልቅ ነገር ነው። ከተማችን ለዚህ ትመቻለች፤ ሐይቁ ዳር ያለው የእግረኛ መንገድ ቅርብ ነው፣ ብስክሌት ያለው ደግሞ አንድ ዙር ቢነዳ ሐራራው መንገድ ላይ ያልቃል።

አፍና እጅ ሥራ ይፈልጋሉ። ከሁሉ የምመክረው መፋቂያ ነው። ርካሽ ነው፣ ኪስ ይገባል፣ ሰው ፊት ብታወጡት የሚገርመው የለም፣ እጅንም አፍንም ይይዛል። የገብስ ቆሎም ጥሩ ነው። ማስቲካና ከረሜላ የሚወድም ይያዝ። ቀዝቃዛ ውኃ በትንሽ በትንሹ መጠጣትም ያግዛል።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ሲጋራ ዕረፍት ነበረች። ከሥራ ወጥቶ፣ ብቻ ሆኖ፣ በረጅሙ መተንፈሻ ነበረች። ሲጋራውን ስታቆሙ ዕረፍቱን አብራችሁ አታቋርጡ። በዚያው ሰዓት ውጡ፣ በአፍንጫ በረጅሙ ስባችሁ በአፍ ቀስ ብላችሁ አውጡ፣ ተመለሱ።

በአንድ ጊዜ ልቁረጥ ወይስ እየቀነስኩ?

ቀን ቆርጦ በአንድ ጊዜ ማቆም በጥቂቱም ቢሆን የተሻለ ውጤት እንዳለው አንዳንድ ጥናቶች አሳይተዋል። እየቀነሱ መሄድ የሚያመጣው ችግር አለ፦ ቁጥሩ ሲያንስ እያንዳንዷ ሲጋራ ትከብራለች። ሰውየው ሰዓቷን እየጠበቀ ይውላል፣ ስትደርስም በጥልቀት ይስባታል። ቁጥሩ ቢቀንስም ኒኮቲኑ ያን ያህል አይቀንስም።

ቀኑ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢሆን ይሻላል። ሠርግ ወይም ዓመት በዓል ላይ አታድርጉት። እስከዚያው ቢያንስ ለሁለት ቀን የት፣ ስንት ሰዓት፣ ከማን ጋር እንደምታጨሱ በወረቀት ወይም በስልክ ጻፉ። ጠላታችሁ የሚመጣባቸውን ሰዓቶች የሚነግራችሁ ይህ ዝርዝር ነው። በዋዜማው ላይተሩን፣ ክብሪቱን፣ መተርኮሻውን አስወግዱ፤ ጃኬትና ጋቢ እጠቡ። በፍሬ የምትገዙበትን ሱቅ ባለቤትም «ብለምንህም እንዳትሸጥልኝ» በሉት። ያሳፍራል፣ ግን ይሠራል።

ቡና ስጠጣ ነው የሚብሰኝ። ቡና ልተው?

ዘጌ አፍንጫችን ሥር እያለ ቡና ተዉ አልልም። ግን ማወቅ ያለባችሁ አንድ ነገር አለ። በሲጋራ ጭስ ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች ጉበት ካፌይንን በፍጥነት እንዲያስወግድ ያደርጉታል። የሚያጨስ ሰው ብዙ ቡና የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ሲጋራው ሲቆም ይህ ፍጥነት በቀናት ውስጥ ይወርዳል። የለመዳችሁት ሦስት ስኒ እንደ ድሮው ቢጠጣ ካፌይኑ ደም ውስጥ በጣም ከፍ ይላል። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። ሰውየውም «ሐራራ ገደለኝ» ብሎ ሲጋራ ይለኩሳል። ገሚሱ ሐራራ አልነበረም፤ ቡናው ነበር።

ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቡናውን በግማሽ ቀንሱ። አቦልን ጠጥታችሁ ከቶናና ከበረካ ቅሩ። ቡና ጠጪ ቤት ይህን ማስረዳት ይከብዳል፤ «ሐኪም ቀንስ ብሎኛል» በሉ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የጦስኝ ወይም የዝንጅብል ሻይ ይሻላል።

የምትቀመጡበትንም ቀይሩ። በረንዳው ላይ ካለው ዱካ ተነሥታችሁ ወደ ውስጥ ግቡ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ቤት ውስጥ፣ ከበርና ከመስኮቱም በ10 ሜትር ርቀት ውስጥ ማጨስን ይከለክላል። ሕጉ በየቦታው ባይከበርም እናንተን የሚያግዝ ሕግ ስለሆነ ተጠቀሙበት።

የማጨሰው ጫት ስቅም ብቻ ነው። ጫቱን ሳልተው ሲጋራውን መተው እችላለሁ?

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብኝ። ባሕር ዳር ላይ ሲጋራን ከጫት ለይቶ መተው ከሁሉም ከባዱ ነው። ጫቱ ራሱ አነቃቂ ነው። ምርቃናው ሲመጣ ሲጋራው ይጠራል፤ ኒኮቲኑም ስሜቱን ያጎላዋል። ማታ ደግሞ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይመጣል። መጠጡ ውሳኔን ያላላል፤ ቀን ሙሉ የቻለ ሰው ሌሊት ላይ ይለኩሳል። በማግሥቱ ድብርት ይጫነዋል፣ ለድብርቱም እንደገና ይቅማል። ሰንሰለቱ ከየትኛውም ጫፍ ቢጀመር ሲጋራው ላይ ይደርሳል።

የኔ ምክር ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ሁለቱንም አቁሙ የሚል ነው። «ሁለት ሱስ በአንድ ጊዜ?» የሚለው ፍርሃት ይገባኛል። ነገር ግን ሁለቱ አንድ ላይ ስለተሳሰሩ አንዱን ይዞ ሌላውን ማቆም በየቀኑ አዲስ ትግል መክፈት ነው።

ጫቱን አሁን መተው ካልቻላችሁ ደግሞ ተስፋ አትቁረጡ። ሲጋራ ከማይጨስበት ቤትና ከማያጨሱ ሰዎች ጋር ሁኑ። ሰዓቱን አሳጥሩ፣ ጨብሲውን ተዉ። ጭስ የሞላበት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ «እኔ አላጨስም» ማለት ግን ራስን መፈተን ነው፤ በዚያ ላይ የሌሎቹን ጭስ እየሳባችሁ ነው።

በቀን ሁለት ሦስት ፍሬ ብቻ ነው። ይህም ይጎዳል?

ይጎዳል፤ በተለይ ልብን። በቀን አንዲት ሲጋራ ብቻ የሚያጨስ ሰው በልብ ሕመም ረገድ የሚደርስበት ተጨማሪ አደጋ በቀን 20 የሚያጨሰው ሰው ከሚደርስበት ግማሹን ያህል ነው። አንድ ሃያኛ አይደለም፣ ግማሽ ነው። ሁለት ሦስት ፍሬ የሚያጨስ ሰው ለማቆም ግን ጥሩ ቦታ ላይ ነው። ሰውነቱ ብዙ ስላልታሰረ ዋናው ሥራው ልማዱ ላይ ነው።

በረመዳን ቀኑን ሙሉ ችዬ እውላለሁ። ማታ ግን አልችልም። ለምን?

ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም መልሱ ጠያቂው ውስጥ አለ። ሐራራ የሚመጣው ኒኮቲን ስለጎደለ ብቻ አይደለም። «አሁን ማጨስ እችላለሁ» ከሚል ሐሳብም ጋር ይመጣል። በጾም ቀን ጉዳዩ ተዘግቷል። ላጭስ አላጭስ የሚል ክርክር የለም፣ በዙሪያው ያለውም ሰው እንደዚያው ነው። ከመግሪብ በኋላ በሩ ይከፈታል፣ ክርክሩም አብሮ ይጀምራል።

ቀኑን ሙሉ የቻለ ሰው የሚከብደውን ክፍል አልፎታል ማለት ነው። የሚቀረው ከኢፍጣር በኋላ ያለችው የመጀመሪያ ሰዓት ናት። ለዚያች ሰዓት ብቻ ዕቅድ ይኑራችሁ፦ ቴምርና ውኃ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ መስጊድ ወይም ወደ እግር ጉዞ፣ ከሚያጨሱት ጋር ሳይቀመጡ። በዓቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩ ክርስቲያኖችም ይህንኑ መንገድ ይጠቀማሉ። ለንስሐ አባታቸው የነገሩ ሰዎች የሚጠይቃቸው ሰው አላቸው፤ የሚጠይቅ ሰው ማግኘት ትልቅ ድጋፍ ነው።

መድኃኒት አለው? የት ልጠይቅ?

አለው። የመጀመሪያው ኒኮቲን ያለ ጭስ የሚሰጥ ነው፦ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ወይም የሚታኘክ ማስቲካ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል። «ኒኮቲንን በኒኮቲን?» የሚል ሰው አለ። ካንሰሩን በዋናነት የሚያመጣው ጭሱና ታሩ (ጭሱ ውስጥ ያለው ጥቁር ዝልግልግ ነገር) ነው እንጂ ኒኮቲኑ አይደለም። ልጥፉ ኒኮቲኑን ቀስ አድርጎ ስለሚሰጥ ሐራራው ይለዝባል፤ በሳምንታት ውስጥ መጠኑ እየቀነሰ ይቆማል። በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጡ ቫሬኒክሊንና ቡፕሮፒዮን የሚባሉ እንክብሎችም አሉ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ቡፕሮፒዮን መውሰድ የለበትም።

ማስቲካውን እንደ ተራ ማስቲካ አታኝኩት። ትንሽ አኝካችሁ አፋችሁን ሲያቃጥላችሁ በጉንጫችሁና በድዳችሁ መካከል አስቀምጡት፤ ስሜቱ ሲጠፋ እንደገና አኝኩ። ቡና ወይም ጁስ ከጠጣችሁ 15 ደቂቃ ቆዩ፤ አለዚያ ኒኮቲኑ በደንብ አይገባም።

ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሄዳችሁ «ሲጋራ ማቆም እፈልጋለሁ» በሉ። በአቅራቢያችሁ ካለ ጤና ጣቢያም መጀመር ይቻላል። እነዚህ መድኃኒቶች በየፋርማሲው መደርደሪያ ላይ የሚገኙ ስላልሆኑ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት አፈላልጉ። መድኃኒቱ ቢጠፋ እንኳ ምክሩ አይቅርባችሁ፤ የሐኪም አጭር ምክር ብቻውን የሚሳካላቸውን ሰዎች ቁጥር ይጨምራል።

ወደ ሺሻ ወይም ወደ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ልዙር?

አይሆንም። ሺሻ ላይ አንድ ሰዓት የተቀመጠ ሰው የሚስበው ጭስ ከአንድ ሲጋራ እጅግ ይበልጣል፤ ውኃው አያጣራውም። ሁለቱም ደግሞ በአገራችን እንዳይሸጡ ከላይ በጠቀስኩት አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ተከልክለዋል። በድብቅ የሚሸጠው ፈሳሽ ውስጥ ምን እንዳለ የሚያረጋግጥላችሁ የለም።

ካቆምኩ በኋላ ሳል ባሰብኝ፣ ወፈርኩ፣ ሆዴም ደረቀ። ጤና ነው?

አብዛኛው ጤና ነው። በመተንፈሻ ቱቦ ውስጥ አክታ የሚጠርጉ ጥቃቅን ፀጉሮች አሉ። ጭሱ አደንዝዟቸው ነበር፤ ሲያገግሙ አክታውን ወደ ላይ ይገፉታል። ነገር ግን ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው ተመርመሩ። ደም፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ካለበት ደግሞ አንድ ቀን አትጠብቁ። የሚያጨስ ሰው ለሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

ክብደት በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይጨምራል። ከሲጋራው ጋር ሲነጻጸር ጉዳቱ ትንሽ ነው። ድርቀቱም የታወቀ ነው፤ ውኃ፣ ጎመንና ፍራፍሬ አብዙ።

ጓደኞቼ በሙሉ ያጨሳሉ። ምን ላድርግ?

በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ትንባሆ የሚጠቀሙት ከ100 ጎልማሶች 5 ገደማ ነበሩ። ሁሉም ሰው የሚያጨስ የሚመስላችሁ ከሚያጨሱት ጋር ስለምትቀመጡ ነው። ጓደኞቻችሁን ተዉ አልልም። ለአንድ ወር ግን በሌላ ሰዓትና በሌላ ቦታ ተገናኙ፦ ምሳ ላይ፣ ኳስ ሜዳ፣ ቤዛዊት አቀበት ላይ። ባጃጅ የምትነዱ ደግሞ ተራ በምትጠብቁበት ጊዜ ነው የምትፈተኑት። መፋቂያው እዚያ ይኑር፤ ባጃጇም ውስጥ ተሳፋሪን ጨምሮ ማንም እንዳያጨስ አድርጉ።

ሴት ነኝ፣ ተደብቄ ነው የማጨሰው። ለማን ልናገር?

ሴት ልጅ ስታጨስ ሰዉ የሚፈርድባት ከወንዱ በብዙ ይበልጣል። መደበቁም ሌላ ሸክም ነው። ቶሎ ቶሎ፣ በፍርሃት ማጨስ ልማዱን ከጭንቀት ጋር ያስተሳስረዋል፤ እርዳታ መጠየቅንም ይዘጋል። መላው ቤተሰብ ማወቅ የለበትም። የምታምኛት አንዲት ሰው ትበቃለች፤ እህት ወይም የልብ ጓደኛ። ሐራራው ሲመጣ «መጣብኝ» ብለሽ የምትደውይላት ትሁን።

ሐኪም ምስጢርሽን የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ንገሪውም፤ ምክንያቱም ከ35 ዓመት በላይ ሆነሽ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል እየወሰድሽ የምታጨሺ ከሆነ የደም መርጋት አደጋው ከፍ ይላል። እርጉዝ ከሆንሽ ደግሞ በየትኛውም ወር ብታቆሚ ለልጁ ይጠቅማል። «አንዴ አጭሼበታለሁ፣ አልፏል» አትበይ።

አንድ ወር ቆይቼ አንድ ፍሬ አጨስኩ። አለቀልኝ?

አላለቀም። ብዙ ሰው የሚወድቀው በአንዷ ፍሬ ሳይሆን ከእሷ ቀጥሎ በሚመጣው ሐሳብ ነው፦ «አንዴ ተበላሽቷል፣ ዛሬን አጭሼ ከሰኞ እጀምራለሁ።» ሰኞን አትጠብቁ። ከፓኮው የቀረ ካለ አሁኑኑ ጣሉት። ያ አንድ ወር አልጠፋም፤ ሰውነታችሁ ያገገመውን አንዲት ሲጋራ አትመልሰውም።

ከዚያ የት፣ ከማን ጋር፣ ምን ጠጥታችሁ እንደነበረ አስታውሱ። መልሱ ብዙ ጊዜ መጠጥ ነው። ያን ሰዓት ለቀጣዩ ወር ዝጉት።

የአእምሮ ሕመም መድኃኒት እወስዳለሁ። ማቆም እችላለሁ?

ትችላላችሁ፤ ግን ለሐኪማችሁ ሳትነግሩ አታቁሙ። ካፌይን ላይ የነገርኳችሁ የጉበት ጉዳይ አንዳንድ መድኃኒቶችንም ይመለከታል። ኦላንዛፒንና ክሎዛፒን በሚያጨስ ሰው ደም ውስጥ መጠናቸው ዝቅ ይላል። ሲጋራው ሲቆም በዚያው እንክብል መጠናቸው ከፍ ይላል፤ ከባድ እንቅልፍ፣ ማዞር፣ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ሐኪሙ መጠኑን አስቀድሞ ያስተካክለዋል። ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛም ስኳሩን አዘውትሮ ይለካ፤ ሲጋራ ሲቆም የሚፈልገው ኢንሱሊን ሊቀንስ ይችላል።

«ሲጋራው ነው ደግፎ የያዘኝ፣ ብተወው ይብስብኛል» የሚል ፍርሃት ብዙዎችን ያስቀራል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በእርግጥ ይከብዳሉ። ካቆሙ በኋላ በወራት ውስጥ ግን ጭንቀትና ድብርት እንደሚቀንስ ጥናቶች አሳይተዋል፤ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎችም ጭምር። በመካከል ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ የምታምኑትን ሰው ይዛችሁ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። የምትወስዱትን መድኃኒት ካርቶኑን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሲጋራ ያቆማችሁበትንም ቀን ንገሯቸው።